ቀይ አፈር፣ ባዶ እግርና የቲ-ሕዋስ ምላሽ፦ የኤችኤልኤ ዘረመሎች በፖዶኮኒዮሲስ ያላቸው ድርሻ

እ.ኤ.አ. በ2011 ማብቂያ በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳዎች የተካሄደ የቤት ለቤት ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ነዋሪዎች 3.3 በመቶ የሚሆኑት ፖዶኮኒዮሲስ እንዳለባቸው አመልክቷል። ይህ የእግር እብጠት በሕዝቡ ዘንድ ዝሆኔ ተብሎ ይጠራል፤ ሆኖም በትንኝ ንክሻ ከሚተላለፍ ትል ከሚመጣው ዝሆኔ የተለየ ነው። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረን ቀይ የሸክላ አፈር ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር መርገጥ ነው። ነገር ግን በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ዓይነት ማሳ ላይ፣ በባዶ እግራቸው ሲያርሱና ሲያርሙ ከኖሩ ገበሬዎች መካከል የሚታመሙት ጥቂቶች ናቸው። እነዚህም ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተሰብ አባላት ሆነው ይገኛሉ። አፈሩ ለሁሉም አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

የአፈሩን ድርሻ በሰፊው ያጠናው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር በሽታው ከፍታና ብዙ ዝናብ ባላቸው የቀይ አፈር አካባቢዎች እንደሚበዛ አሳይቷል፤ በሕሙማን እግርና ንፍፊት ውስጥም ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶችን አግኝቷል። በእርሱ ማብራሪያ መሠረት ቅንጣቶቹ በቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ፤ ቁጣው በተደጋገመ ቁጥር ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፣ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ እግሩም ያብጣል። ይህ ማብራሪያ ብቻውን ግን የአንዱ ሰው አካል የሚቆጣበትን፣ የሌላው የሚታገሥበትን ምክንያት አይገልጽም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የተፈለገው በበሽታ መከላከያ ሥርዓት ውስጥ ነው። ዋናው የሕብረ ሕዋስ ተስማሚነት ዘረመል ስብስብ፣ በምኅጻረ ቃል ኤምኤችሲ፣ በሰው 6ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ የሰው ልጅ ኤምኤችሲ ኤችኤልኤ ይባላል። ከእነዚህ ዘረመሎች የሚሠሩት ፕሮቲኖች ፔፕታይድ የሚባሉ የፕሮቲን ቁርጥራጮችን ይዘው በሕዋስ ገጽ ላይ ለቲ-ሕዋሳት ያቀርባሉ። አንደኛው ምድብ በአብዛኛዎቹ ሕዋሳት ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በሕዋሱ ውስጥ የተሠሩ ፕሮቲኖችን ቁርጥራጭ ለሲዲ8 ቲ-ሕዋሳት ያሳያል። ሁለተኛው ምድብ በዋናነት እንደ ማክሮፌጅና ዴንድሪቲክ ሕዋስ ባሉ አቅራቢ ሕዋሳት ላይ ይገኛል፤ ከውጭ የገቡ ነገሮችን ቁርጥራጭ ለሲዲ4 ቲ-ሕዋሳት ያቀርባል። እነዚህ ዘረመሎች ከሰው ሰው እጅግ ይለያያሉ። ልዩነቱ በብዛት የሚታየው ፔፕታይዱ በሚያርፍበት ቦታ በመሆኑ፣ አንዱ ሰው ለቲ-ሕዋሳቱ የሚያቀርበውን ሌላው ላያቀርብ ይችላል።

በወላይታ ቤተሰቦች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ የሕሙማን ወንድሞችና እህቶች ለበሽታው ያላቸው ተጋላጭነት ከጠቅላላው ሕዝብ አምስት እጥፍ ገደማ እንደሆነ አስልቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን ከደቡብ ኢትዮጵያ ወስደው መላውን የዘረመል ካርታ አነጻጸሩ። ጉልህ ልዩነት የታየው በሁለተኛው ምድብ ኤችኤልኤ አካባቢ ነበር። ዲአርቢ1*0701 የተባለው ዝርያ ያላቸው ሰዎች የመታመም ዕድላቸው ከሌላቸው ጋር ሲነጻጸር በዕድል ምጥጥን ሁለት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ኋላም አማራና ኦሮሞን ባካተተ ጥናት የዚሁ አካባቢ ዝምድና ተረጋግጧል።

ግኝቱ በሽታው በቲ-ሕዋስ የሚመራ ብግነት መሆኑን ይጠቁማል። ማዕድን የቲ-ሕዋስን ምላሽ ሊቀሰቅስ እንደሚችል ደግሞ ከቤሪሊየም የሳንባ በሽታ ይታወቃል፤ በዚያ በሽታ ብረቱ ከአንድ ዓይነት የሁለተኛው ምድብ ኤችኤልኤ ጋር ተጣብቆ ሲዲ4 ቲ-ሕዋሳት የሚያዩትን ገጽ ይለውጣል። ሆኖም በኤችኤልኤ አካባቢ ያሉ ዘረመሎች ተያይዘው ስለሚወረሱ፣ ዝምድና መታየቱ ብቻውን መንሥኤው ይኸው ዘረመል ነው ለማለት አያበቃም።

ይህ ጥንቃቄ ከቤተ ሙከራ ውጭም ክብደት አለው። በሽታው «ከዘር የሚወርድ» ነው የሚለው እምነት የሕሙማንን ቤተሰብ ከጋብቻ ሲያገልል ኖሯል፤ «በዘር ከመጣ ጫማ ምን ያደርጋል» የሚል ተስፋ መቁረጥንም ያስከትላል። የኤችኤልኤ ግኝት በግርድፉ ከተነገረ ይህን እምነት በሳይንስ ስም ሊያጸናው ይችላል። በትክክል ሲነበብ ግን ተቃራኒውን ያስረዳል። ሁለት እጥፍ የዕድል ምጥጥን የተጋላጭነት መጠን እንጂ የበሽታ ፍርድ አይደለም፤ ዝርያው ያላቸው ብዙዎች አይታመሙም፣ የሌላቸውም ይታመማሉ። ዲአርቢ1*0701 በአውሮፓ ሕዝቦች ዘንድም የተለመደ ነው። ፕራይስ እንደዘገበው በፈረንሳይ፣ በአየርላንድና በስኮትላንድ ቀድሞ ይታይ የነበረው ይህን መሰል እብጠት ጫማ ማድረግ ሲለመድ ጠፍቷል። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፤ ያለ አፈሩ ንክኪ በሽታው አይነሣም።

ለታመሙትም መላ አለ። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ሙከራ፣ እግርን መታጠብን፣ ቆዳን ማለስለስን፣ በፋሻ ማሰርን፣ እንቅስቃሴን፣ ካልሲና ጫማን ያካተተ ቀላል እንክብካቤ ምን እንደሚያስገኝ ለክቷል። ሕሙማኑን አልጋ ላይ የሚጥለው ድንገተኛ የእግር ቁጣ እንክብካቤውን ባገኙት በአንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ፣ ባላገኙት 23.9 ጊዜ ተከሥቷል። ቅናሹ መጠነኛ ቢመስልም፣ ለአንድ ገበሬ በየዓመቱ አራት ያህል ግርሻ ቀረለት ማለት ነው።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ፣ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በበሽታው የተጠቃ ሰው ባለበት ቤት የሚያድጉ ልጆች ከሌሎች ይልቅ የተጋለጡ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ጫማና የእግር ንጽሕና አስቀድሞ ሊደርሳቸው ይገባል። የቤተሰብ ታሪክ እስካሁን ለመገለል ምክንያት ሆኖ ቆይቷል፤ ከእንግዲህ ለጥበቃ መነሻ ሊሆን ይችላል።