ኤሌክትሮዱ ከመጣሉ በፊት

ሰበታ በጨርቃ ጨርቅና በቢራ ፋብሪካዎቿ ትታወቃለች፤ ሱሉልታ ውሃ ይታሸግባታል፤ ከቡራዩ አጠገብ ያለው ገፈርሳ ደግሞ ከአዲስ አበባ አንጋፋ የውሃ ማጠራቀሚያዎች አንዱ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ስር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ያለ ንጹህ ውሃ ስራቸው አይገፋም፤ ውሃን ከጀርም ለማጽዳት ደግሞ እስከ ዛሬ ቀዳሚው ክሎሪን ነው። ክሎሪኑን በሲሊንደር ወይም በዱቄት መልክ ገዝቶ ማምጣት ይቻላል። ጨው በውሃ አሟሙቶ፣ ኤሌክትሪክ አሳልፎበት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ቀጠን ያለ በረኪና ማምረትም ይቻላል። ይህን በረኪና የሚያመርተው ማሽን ዕድሜ የሚወሰነው በኤሌክትሮዱ ነው።

በጨው ውሃ ውስጥ ሁለት የብረት ሰሌዳዎች ይቆማሉ፤ ኤሌክትሮዶቹ እነዚህ ናቸው። በአዎንታዊው፣ በአኖዱ ላይ ክሎሪን፣ በአሉታዊው፣ በካቶዱ ላይ ሃይድሮጅን ይወጣል። ድሮ አኖዱ ከግራፋይት ይሠራ ነበር፤ ግራፋይት ግን እየተበላ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሄንሪ ቢር የተባለ ተመራማሪ ታይታኒየምን በሩተኒየምና በታይታኒየም ኦክሳይድ ቅልቅል ቀባው፤ የጣሊያኑ ደ ኖራ ኩባንያም ለገበያ አበቃው። ታይታኒየም ብቻውን አኖድ ሲሆን ወዲያው ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ኦክሳይድ ይሸፈናል። ስራውን የሚሠራው እንግዲህ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ የሆነው ጥቁሩ ቅብ ነው።

ኤሌክትሮዱ ሲደክም መጀመሪያ የሚናገረው ቮልቴጁ ነው። 1 ኪሎ ክሎሪን ለማውጣት፣ ምንም ሳይባክን፣ 756 አምፔር-ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ይህ በ4 ቮልት 3 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ነው፤ ቮልቴጁ ወደ 5 ካሻቀበ 3.8 ይሆናል። ምርቱ ሳይጨምር የመብራት ወጪው በሩብ አደገ ማለት ነው።

የድካሙ መንስኤ ግን ሁለት ነው፤ ሁለቱን መለየት የጥገናው ግማሽ ነው። አንደኛው ቆሻሻ ነው። በጨውና በውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም በካቶዱ ላይ፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ይጋገራል። ሁለተኛው የቅቡ ማለቅ ነው። ጨው ሲያንስ ወይም ውሃው በጣም ሲቀዘቅዝ በክሎሪን ፈንታ ኦክስጅን ይበዛል፤ ያም ቅቡን ይበላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማጠብ ነው። መብራቱ ይጠፋል፤ በረኪናው ሙሉ በሙሉ ተቀድቶ ማሽኑ በንጹህ ውሃ ይለቀለቃል። ይህ የሚታለፍ ደረጃ አይደለም፤ በረኪናና አሲድ ከተገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከዚያ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይገባል። አሲዱ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት ሲነካ ይንተከተካል፤ ያ አረፋ ከካልሲየም ካርቦኔቱ የሚለቀቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። መንተክተኩ ቆሞ ቅርፊቱ ካለቀ በኋላ አሲዱን ማቆየት ብረቱን መጉዳት ነው። በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ከቅርፊቱ ጋር ቅቡም ይሄዳል።

በድጋሚ ሲበራ፣ በዚያው የጨው መጠን፣ ሙቀትና አምፔር፣ ቮልቴጁ ወደ ቀድሞው ከተመለሰ ችግሩ ቆሻሻ ነበር። ካልተመለሰና በጥቁሩ ገጽ ላይ ብርማ ግራጫ የታይታኒየም ቦታዎች ከታዩ፣ ያለቀው ቅቡ ነው። ያኔም ሰሌዳው አይጣልም። አሮጌው ቅብ ይነሳል፤ ታይታኒየሙ አዲሱን እንዲይዝ በትኩስ አሲድ ይሻከራል፤ የሩተኒየምና የታይታኒየም ውህድ በስሱ ተቀብቶ ይደርቅና ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ምድጃ ይጋገራል። ይህ ደጋግሞ የሚደረግ ስራ ነው፤ እያንዳንዱ ስስ ንብርብር በሌላው ላይ ይደረባል።

ሩተኒየሙ ውድ ነው፤ የሚገባውም በውጭ ምንዛሪ ነው። በስስ ቅብ ላይ የሚውለው ግን ጥቂት ነው፤ ታይታኒየሙ ደግሞ እጃችን ላይ አለ። ምድጃ፣ አሲድና ጥንቁቅ እጅ ያለው ወርክሾፕ ሊለማመደው የሚገባ ሙያ ነው። የኬሚስትሪና የማቴሪያል ምህንድስና ተማሪዎቻችንም የመመረቂያ ስራቸውን እዚህ ላይ ቢያደርጉ ለፋብሪካዎቹ ወዲያው ይጠቅማሉ። እስከዚያው ማንኛውም ቴክኒሺያን ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችል ነገር አለ፤ ቮልቴጁን፣ አምፔሩን፣ የጨውና የሙቀት መጠኑን በየቀኑ በመዝገብ ማስፈር። ኤሌክትሮዱ መታጠብ ወይም መቀባት እንዳለበት የሚያሳየው ያ መዝገብ ነው።