ቀለም የፈጩ ድንጋዮች

በሠርግ ዋዜማ በሙሽራዋ እጅ ላይ ያማረውን ሂና ሁሉም ያደንቀዋል። ቅጠሉን ያደረቁት፣ የወቀጡትና የነፉት እጆች ግን ብዙም አይታወሱም። የጥንት ሰዎች ጥበብም እንዲሁ ነው። ስለ ሥዕሉ ብዙ ሲወራ፣ ቀለሙን ያዘጋጀው ድንጋይ ይረሳል። ለመሆኑ ያ ድንጋይ ምን ይነግረናል?

ለመልሱ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ፣ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ፣ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ፤ ትርጉሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በተካሄደው ቁፋሮ ብዛት ያለው ባለ ቀለም ድንጋይ ተገኘ። ብረት ያዘለው ይህ ድንጋይ ኦከር ይባላል፤ ሲፈጭ ቀለም ይሆናል። ተመራማሪዎች ሲቆጥሩት 4,213 ቁራጭ፣ ሲመዝኑት 40 ኪሎ ግራም ያህል ሆነ። ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ ነው።

አብረው የተገኙት መሣሪያዎች ለቤት እመቤት እንግዳ አይደሉም፤ ወፍጮና መጅ ናቸው! እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ የቀለሙ ርዝራዥ ዛሬም በላያቸው ላይ አለ። ሰዎቹ ልዩ ልዩ ኦከር በልዩ ልዩ ወፍጮ እየፈጩ፣ አንዴ ልም አንዴ ሻካራ፣ መልኩም የተለያየ ዱቄት ያወጡ ነበር።

ከሁሉ የምታስደንቀው አንዲት ድቡልቡል ጠጠር ናት። ግማሽ አካሏ ብቻ ቀለም ነክቶታል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት፣ በተበጠበጠ ቀለም ውስጥ እየተነከረች እንደ ቆዳ ያለ ለስላሳ ነገር ለመቀባት ሳታገለግል አትቀርም፤ ልክ እንደ ማኅተም ማለት ነው።

እርግጥ ኦከር ሁሉ ለጌጥ አልዋለም። ቆዳ ለማልፋት፣ ስለትን ከእጀታው ለማጣበቅም ይጠቅም እንደነበር ይገመታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት በዚያ ዋሻ ሙያው ቢያንስ ለ4,500 ዓመታት እንደቀጠለ ያሳያል። ታላቅ ለታናሽ ሳያሳይ፣ ወላጅ ለልጅ ሳያስተምር ይህን ያህል የሚዘልቅ ሙያ የለም።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ከዋሻ ወይም ከተራራ ጥግ እንግዳ ድንጋይ ቢያገኙ፣ ሳያነሡ ቦታውን ለሚመለከተው ክፍል እንዲያመለክቱ ምከሯቸው። ከተቀበረበት አፈር የተለየ ድንጋይ ዕድሜውን መናገር ያቅተዋል። አምሮ እንዲታይ ተብሎ የታጠበ እንደሆነ ደግሞ፣ ለ40,000 ዓመት ይዞት የቆየው ምስክርነት አብሮ ይታጠባል።