ዐሥር ሺው ቤተሰብ የት ገባ? የጥንታዊቷ ጎንደር የዕለት ኑሮና አሻራው

ጎንደር ስትነሣ በአብዛኞቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ቤተ መንግሥቱ ነው። አፄ ፋሲለደስ በ1636 መናገሻቸው ያደረጓት ይህች ከተማ በፋሲል ግቢ ትታወቃለች (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 900 ሜትር በሚረዝም ቅጥር የተከበበው ግቢ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ግቢው ብቻውን ከተማ አልነበረም። በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በሰላም ጊዜ 10,000 ያህል ቤተሰብ ይኖርባት እንደነበርና ቤቶቹም በአብዛኛው የጭቃ ግድግዳና ሾጣጣ የሣር ክዳን ያላቸው እንደነበሩ ጽፏል። ነገሥታቱ የኖሩበትን እናውቃለን። ጠላ የጠመቀችው፣ ሸማ የሸመነው፣ ብረት የቀጠቀጠው ሰው ቤትስ የት ገባ? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የእነዚህን ሰዎች አሻራ የት እንደምናገኝና የተፈጥሮ ሳይንስ በፍለጋው እንዴት እንደሚረዳን ነው።

ቤቱ ለምን ጠፋ?

እንጨትና ሣር የሚበሰብሱት ሻጋታና ባክቴሪያ ስለሚመገቧቸው ነው። እነዚህ ሕዋሳት ደግሞ እርጥበትና ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ክረምትና በጋ በሚፈራረቁበት በደጋው አፈር ሁለቱም አይጠፉም፤ የተረፈውንም ምስጥ ይጨርሰዋል። ግድግዳው ሲፈርስ ጭቃው ወደ መጣበት አፈር ይመለሳል። በዚህ ላይ አፄ ቴዎድሮስ በ1866፣ ማሕዲስቶች ደግሞ በ1888 ከተማዋን አቃጥለዋታል።

ሁኔታው ሌላ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚገኝ ለመረዳት እንግሊዝ አገር የምትገኘውን ዮርክን እንመልከት። ቫይኪንጎች በ866 የያዟት ይህች ከተማ በእንጨት የተሠራች ነበረች። ኮፐርጌት በተባለው መንገድ ከ1976 እስከ 1981 በተደረገው ቁፋሮ ግን የቤት ግድግዳዎች፣ የቆዳ ጫማዎችና የእንጨት ጽዋዎች ከነቅርጻቸው ወጥተዋል። ምክንያቱ አፈሩ ውኃ የጠገበና ኦክስጅን ያጣ መሆኑ ነው። የመንገዱ ስምም ራሱ ቅርስ ነው፤ በቫይኪንጎች ቋንቋ «የጽዋ ሠሪዎች መንገድ» ማለት ሲሆን የተቆፈረው ዕቃም ይህንኑ አረጋግጧል። የእኛ አፈር እንጨቱን ባያቆይልንም ስሙን፣ ኖራውንና ገሉን አቆይቶልናል።

በስም የተጻፈ ካርታ

የዛሬዎቹን የጎንደር ሰፈሮች ስም ስናነብ የጥንቱን ከተማ አሰፋፈር እናነባለን። አቡን ቤት የጳጳሱ፣ እጨጌ ቤት የእጨጌው መኖሪያ ዙሪያ የተመሠረቱ ናቸው። አዲስ ዓለም ነጋዴዎችና ሸማኔዎች የኖሩበት የሙስሊሞች ሰፈር ሲሆን ታሪኩ በ1668 ከተካሄደው ጉባኤ ጋር ይያያዛል። ጉባኤው ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኖ ነበር። ውሳኔው በጸናበት ዘመን የነገሡት ቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ በ1682 አርፈው የተቀበሩት እዚሁ ጠዳ ነው፤ ስለሆነም ጉዳዩ ለእኛ ለጠዳ ነዋሪዎች የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከከተማዋ በስተሰሜን ያለችው ወለቃም እንዲሁ የሙያ ምስክር ናት። በግንበኝነት፣ በአንጥረኛነትና በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን በአብዛኛው እስከ 1991 ወደ እስራኤል ቢሄዱም በመንደሯ የሸክላ ሥራው ቀጥሏል።

ኖራ የያዘው አየር

ከጠዳ በአዘዞ በኩል ወደ ጎንደር ስንወጣ የምናገኛቸው ጥንታውያን ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው። ኖራን ለግንባታ መጠቀም በአካባቢያችን የተስፋፋው በፋሲለደስ አባት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የኖራ ድንጋይ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የተቃጠለው ኖራ በውኃና በአሸዋ ተለውሶ ግንብ ላይ ሲውል የለቀቀውን ጋዝ ከአየር መልሶ እየሳበ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ የግንቡ ኖራ ግንበኛው ይተነፍሰው ከነበረው አየር ጥቂቱን ይዟል ማለት ነው።

ይህ አየር ካርቦን-14 ነበረበት። የካርቦን-14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት በመሆኑ፣ በ1650 ገደማ ከደረቀ ኖራ እስከ ዛሬ የጠፋው 4.4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም በዘመናዊ መሣሪያ ይለካል። ሆኖም በሚገባ ሳይቃጠል የቀረ ድንጋይ ከተቀላቀለበት ጥንታዊ ካርቦን ስለሚጨምር ግንቡ ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል። ናሙናን በጥንቃቄ መምረጥ የግድ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ገልና ምድጃ

ለተራው ቤተሰብ ግን ዋናው ምስክር ገል ነው። የእንስራና የድስት ስባሪ አይበሰብስም። በሸክላው ውስጥ ያሉት የኳርትዝ ቅንጣቶች በአካባቢያቸው ካሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም የሚወጣውን ጨረር እየተቀበሉ ኃይል ያጠራቅማሉ። ሸክላው ከ500 ዲግሪ በላይ ሲተኮስ የተጠራቀመው ሁሉ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ እንደሚሞላ ባዶ ጋን ከዜሮ ይጀምራል። ገሉን በቤተ ሙከራ እንደገና ስናሞቀው ኃይሉ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። የብርሃኑን መጠን በየዓመቱ ከሚጠራቀመው ጋር ስናነጻጽር የተተኮሰበትን ዘመን እናገኛለን። በዚሁ ዘዴ የምድጃ ጭቃ ለመጨረሻ ጊዜ ክፉኛ የጋለበትን ዘመን ይነግረናል፤ ይኸውም እሳቱ የጠፋበት ጊዜ ማለት ነው።

የእኛ ድርሻ

በ1930ዎቹ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ለፋሲል ግቢ ጥገና የዋለው ሲሚንቶ ለኖራ ግንብ የሚስማማ አልነበረም። ሲሚንቶ ጠጣር ከመሆኑም በላይ እርጥበትን አፍኖ ያስቀራል፤ ኖራ ግን ያስተነፍሳል። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥገናዎች ተገቢ ያልሆነው ሲሚንቶ እየተነሣ በኖራ ተተክቷል። የግንብ ስሕተት በዚህ መልክ ሊታረም ይችላል። ለአዲስ ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር በመኪና ተዝቆ የተጣለ የአመድና የገል ንብርብር ግን ተመልሶ አይደረደርም፤ ገሉ ቢገኝ እንኳ ከየትኛው ምድጃ አጠገብ እንደነበረ የሚነግረን አይኖርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በግንባታ ቁፋሮ ወቅት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዲጠብቀው የደነገገውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለሆነም የነገዎቹ መሐንዲሶች፣ ኬሚስቶችና የፊዚክስ ባለሙያዎች የሆናችሁ አንባቢያን፣ በጎንደር ሰፈሮች መሠረት ሲቆፈር ስታዩ የጉድጓዱን ግድግዳ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ጥቁር የአመድ መስመርና የገል ስባሪ ካያችሁ ከቦታው ሳታነሡ ለከተማው የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች አሳውቁ። የዐሥር ሺው ቤተሰብ ታሪክ በዜና መዋዕል አልተጻፈም፤ የተጻፈው እዚያ መስመር ላይ ነው።