ሚክስ ስናደርግ ድምፁ ስንት ላይ ይሁን?

ማታ ስቱዲዮ ውስጥ ደረት ሲመታ ያመሸው ቤዝ፣ ጠዋት ቤት ውስጥ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ሲከፈት የለም። ከበሮው ቀጥኗል፣ ዘፋኙ ብቻውን ቀርቷል። ሙዚቃ ሚክስ የሚያደርግ ሰው ሁሉ ይህ ይገጥመዋል፤ አብዛኛውም ስፒከሩን ይወቅሳል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሥራው ሲሠራ ድምፁ ምን ያህል ተከፍቶ እንደነበር ነው።

ጆሯችን ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ እኩል አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ1933 የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎቹ ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን ይህን በቁጥር አስቀመጡት፤ በኋላ በተደረጉ አዳዲስ ልኬቶች ላይ ተመሥርቶም አይሶ 226 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ወጥቷል። በመለኪያው መሠረት፣ 40 ዴሲቤል ላይ ካለ የ1,000 ኸርዝ ድምፅ እኩል ጎልቶ እንዲሰማ፣ የ100 ኸርዝ ቤዝ 64 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልገዋል። ልዩነቱ 24 ነው። የ1,000 ኸርዙ ድምፅ ወደ 80 ከፍ ሲል ግን ለቤዙ 92 ገደማ ይበቃዋል፤ ልዩነቱ በግማሽ ያህል ጠበበ። ቮልዩሙን በከፈትን ቁጥር ቤዙ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ያድጋል ማለት ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ድምፁን አጉልቶ የሚሠራ ሰው ቤዙ በዝቶ ስለሚሰማው ይቀንሰዋል፤ ሙዚቃው በስልክ ወይም በትንሽ ሬዲዮ ሲከፈት ባዶ ይሆናል። አሳንሶ የሚሠራው ደግሞ ቤዙ ስለሚጎድለው ይጨምራል፤ ያ ዘፈን ሠርግ አዳራሽ ሲገባ ቤዙ ግጥሙን ይውጠዋል።

ሌላም ችግር አለ፤ እንዲያውም ከቤዙ የባሰ ይመስለኛል። የጎላ ነገር ሁሉ የተሻለ ይመስለናል። ኮምፕረሰር ስናስገባ ድምፁ ጥቂት ዴሲቤል ከጨመረ፣ የወደድነው ኮምፕረሰሩን ይሁን ጉላቱን መለየት አንችልም። ስለዚህ የበፊቱንና የአሁኑን ስናወዳድር መጀመሪያ ጉላታቸውን እኩል ማድረግ ግድ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፣ ብዙ ጥሩ ሥራም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ስንት ላይ እንሥራ? ለሲኒማ ድምፅ ማቀናበሪያ ትልልቅ ክፍሎች የተለመደው ማመሳከሪያ 85 ዴሲቤል ነው። በመኝታ ቤት ስቱዲዮ ይህ ይበዛል፤ ግድግዳው ቅርብ ስለሆነ ነጸብራቁ ያደናግራል። እዚያ ከ70 እስከ 80 ባለው ውስጥ መሥራት ይሻላል። መለኪያ ከሌለ፣ አጠገባችን ከተቀመጠ ሰው ጋር ሳንጮህ ማውራት መቻል አለብን። ልኩ ሲገኝ የቮልዩሙ ማዞሪያ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉና አትነካኩት። ጆሮ የሚለምደው ድምፁ አንድ ቦታ ሲቆም ብቻ ነው።

ከምልክቱ የምንወጣው ለፍተሻ ነው። ሊጠፋ እስኪደርስ ዝቅ አድርጉትና ግጥሙ ይሰማ እንደሆነ አዳምጡ። ማሲንቆ ከዘፋኙ ጎን ካለ ማን ማንን እንደተጫነ ያኔ ይገለጣል። ከዚያ ለአንድ አዝማች ያህል አጉልታችሁ ቤዙን ስሙና ወደ ምልክቱ ተመለሱ።

አጉልቶ መቆየት ጆሮን ያደክማል። የደከመ ጆሮ ቀጭኑን ድምፅ ስለሚያደበዝዝ ያለ አግባብ እንጨምርለታለን፤ በማግስቱ ዘፈኑ ጆሮ ይወጋል። ለጤናም ቢሆን፣ ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቋም 85 ዴሲቤል በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

በጆሮ ማዳመጫ የምትሠሩ ከሆነ በተራ መለኪያ መለካት ያስቸግራል። ስፒከሩን ምልክቱ ላይ አድርጋችሁ የዘፋኙን ድምፅ ስሙ፣ ከዚያ ማዳመጫውን አጥልቃችሁ ዘፋኙ በዚያው ልክ እስኪሰማ አስተካክሉት። ቤዙን ግን እንደገና በስፒከር ሳትሰሙ አትጨርሱ።