አንድ ደንብ በሁለት ቦታ

የወንጀል ሕጋችን ሙከራ ማለት ምን እንደሆነ የሚደነግገው በጠቅላላ ክፍሉ አንድ ጊዜ ነው፤ በስርቆትም በግድያም ሥር አይደግመውም። ቢደግመው ኖሮ አንዱ ሲሻሻል ሌላው ተረስቶ ዳኛው ግራ በተጋባ ነበር።

ይኸው ጣጣ በሶፍትዌርም አለ። የሊኑክስ ከርነል እያንዳንዱ የመረጃ ፓኬት በየት በኩል እንደሚወጣ የሚወስነው የመንገድ ሰንጠረዥ አይቶ ነው። ፓኬትን በሌላ ፓኬት ውስጥ አሽገው የሚልኩት ቪኤክስላንና ጄኔቭ የተባሉት ክፍሎች ታዲያ ይህንን ፍለጋ ለየራሳቸው ጽፈውት ኖረዋል፤ ኮዱም ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነበር። በአንዱ የተገኘ ስህተት ሲታረም ሌላውን የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ፣ በአንዱ በኩል ደህና የሚያልፈው መልዕክት በሌላው በኩል መንገድ ሊስት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ገንቢዎቹ ፍለጋውን ሁለቱም ወደሚጠሩት አንድ የጋራ ፈንክሽን አዛወሩት፤ ለውጡም በጃንዋሪ 2024 በወጣው 6.7 እትም ተካተተ። ሆኖም ሁሉንም በጅምላ አልጨፈለቁትም። ጄኔቭ ለፓኬቱ የቅድሚያ ምልክት የሚመርጥበት ስሌት እዚያው በራሱ ዘንድ ቀረ፤ ወደ ጋራው የሚተላለፈው ውጤቱ ብቻ ነው።

ተጠቃሚው ምንም ልዩነት አላየም፤ የታሰበውም ይኸው ነበር። የሚሠራውን ነገር ለምን ይነካኩታል የሚል አይጠፋም። እኔ ግን የጋራውን በጠቅላላ ክፍል፣ ልዩውን በልዩ ክፍል ማስቀመጥ የሕግ አርቃቂ ሙያ ብቻ አይደለም እላለሁ።