የአውራዋ ምስክርነት

በየገጠሩ ቀፎ የሚሰቅሉ አባቶቻችን የንቦቹን አለቃ «አውራ» ይሏታል። ስሟ የወንድ ይምሰል እንጂ አውራዋ እንስት ናት፤ የቀፎው ሠራተኞች ሁሉ እናት። በዚህች እናት በኩል ብቻ የሚተላለፍ አንድ ውርስ አለ። እርሱም አንድ ትልቅ ክርክር ፈትቷል። እንዴት? እስቲ አብረን እንየው።

የንብም ሆነ የሰው ሕዋስ ዲ.ኤን.ኤ.ውን በሁለት ቦታ ያስቀምጣል። አብዛኛው በኑክሊየስ ውስጥ ነው። ጥቂቱ ግን ለሕዋሱ ኃይል በሚያመነጨው በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይገኛል፤ ይህኛው የሚመጣው ከእናት እንቁላል ነው። እኛ በአባታችን ስም እንጠራ የለም? ይህ ደግሞ የእናት ስም እንደ ማለት ነው። ወንዱ ከእናቱ ይወርሰዋል፤ ለልጆቹ ግን አያወርሰውም።

አንዲት አውራ ከ10 እስከ 20 ከሚሆኑ ድንጉላዎች ጋር ትገናኛለች። ስለዚህ በአንድ ቀፎ ያሉ ሠራተኞች አባታቸው ብዙ ነው፤ የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ.ያቸው ግን የአንዲቷ እናት ነው። የቀፎውን የእናት ዘር ለማወቅ አንዲት ሠራተኛ ንብ ትበቃለች ማለት ነው!

ይህ የማር ንብ ዲ.ኤን.ኤ. ከ16,000 በላይ «ፊደላት» አሉት። የማር ንብ አንድ ዝርያ ቢሆንም ጽሑፉ ከአገር አገር ይለያያል። ለምሳሌ 200 ፊደል ገደማ ያለው አንድ ቁራጭ በጣሊያን ንብ አንድ ጊዜ ብቻ ሲገኝ፣ በብዙ የአፍሪካ ንቦች ሁለትና ሦስት ጊዜ ይደጋገማል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። በ1956 እ.ኤ.አ. ዋርዊክ ኬር የተባሉ ብራዚላዊ ሳይንቲስት ማር እንዲበዛ ብለው አውራዎችን ከአፍሪካ አስመጡ። በ1957 26 መንጋ ከነአውራው አመለጠ። ዘሮቻቸው በደቡብ አሜሪካ ተሰራጭተው ሰውና ከብት እየነደፉ ገደሉ፤ በ1990 ቴክሳስ ደረሱ። ታዲያ የተስፋፉት እንዴት ነው? አንዳንዶች «የአፍሪካ ድንጉላዎች ከአውሮፓ አውራዎች ጋር እየተዳቀሉ ነው» አሉ። ሌሎች ደግሞ «መንጋው ራሱ ከአውራው ጋር እየተጓዘ ነው» አሉ። የመጀመሪያው ብቻ እውነት ቢሆን ኖሮ የንቦቹ ማይቶኮንድሪያ የአውሮፓ በሆነ ነበር። በ1989 የታተሙ ጥናቶች ግን በዱር ከተያዙት መንጎች እጅግ አብዛኞቹ የአፍሪካ እናት ዘር እንዳላቸው አሳዩ። ልጆች በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው የእናታቸውን ምልክት ይዘው ተገኙ!

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ይህ ምስክር ስለ እናት ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስለ አባት ዝም ይላል። የኑክሊየሱ ዲ.ኤን.ኤ. ሲመረመር እኮ በነዚያው ንቦች ውስጥ የአውሮፓ ዘርም ተገኝቷል። ድንጉላዎቹም ድርሻ ነበራቸው ማለት ነው። አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ መፍረድ አይገባም።

የእኛስ አገር ንቦች? በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ በተወሰዱ ንቦች ላይ ከሌሎቹ የአፍሪካ ንቦች የተለየ የእናት መስመር እንዳለ አመልክቷል። እንግዲህ በየጓሯችን ያለው ቀፎ ማር ብቻ ሳይሆን ታሪክም የያዘ ነው።

ውድ እጩ መምህራን! ነገ ስለ ዘር ውርስ ስናስተምር ሩቅ ምሳሌ ፍለጋ አንድከም። ቀፎውን እናሳይና ልጆቹን እንጠይቅ፦ «አባታቸው አሥር፣ እናታቸው አንዲት የሆኑ ንቦች፣ ስንት ዓይነት ማይቶኮንድሪያ ይኖራቸዋል?»