ከኮንጋ እስከ ስድስት ኪሎ፦ የአዲስ ተማሪ የመጀመሪያ ቀናት

በጌዴኦ ዞን በይርጋጨፌ አቅራቢያ ከምትገኘውና በቡናዋ ከምትታወቀው ኮንጋ ተነስቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ፣ ከተማዋ የአገሩ መዲና ብትሆንም፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሳልፈው እንደ እንግዳ ነው። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ እንሰት፣ ቡናና አገር በቀል ዛፎች በአንድ ማሳ ተሰባጥረው በሚለሙበት ጥምር እርሻ መካከል ያደገ ወጣት፣ አቅጣጫ የሚለየው በኮረብታና በወንዝ ስለነበር፣ በከተማዋ አስቀድሞ የሚማረው በአደባባይ ስም መመራትን ነው። የታክሲ ረዳት፣ ማለትም ተሳፋሪ እየጠራ ሂሳብ የሚቀበለው ሠራተኛ፣ መድረሻውን አፋጥኖ ሲጠራ መለየትና ከመውረጃው ቀደም ብሎ «ወራጅ አለ» ማለትም የዚሁ ትምህርት አካል ነው።

ስድስት ኪሎ የሚገኘው ዋናው ግቢ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በውስጡ ይገኛል፤ በእግሩ ወደ አምስት ኪሎ የወረደ ተማሪም ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ስለኖረችው ድንቅነሽ በብሔራዊ ሙዚየም መማር ይችላል። አፉን በጌዴኦኛ የፈታ ተማሪ ይህን ሁሉ በሁለተኛ ቋንቋው ስለሚያከናውን ድካሙ እጥፍ ነውና፣ ቀድመው የገቡ የአካባቢው ልጆች በእነዚያ ቀናት አብረውት ቢዞሩ፣ ከተማዋን ቶሎ እንዲለምድና ልቡን ለትምህርቱ እንዲሰጥ ያግዙታል።